ከፀሐይ ፓነሉ በፊት፦ አነስተኛ ወርክሾፕ አካባቢን እየጠበቀ ወጪውን የሚቀንስበት መንገድ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። የቤት ዕቃ የሚሠራ፣ 14 ሠራተኞች ያሉት ወርክሾፕ ነው። አንድ ባለ 11 ኪሎዋት የአየር ኮምፕሬሰር፣ ሦስት መጋዞች፣ የአቧራ መምጠጫ፣ የቀለም መርጫ ክፍልና አንድ የማመላለሻ መኪና አለው። ባለቤቱ «አካባቢን ሳንጎዳ ብንሠራ ወጪያችንም ይቀንሳል ይሉናል። ጣሪያችን ላይ የፀሐይ ፓነል እንድንተክልም ተመክረናል። ያለን ገንዘብ ግን ትንሽ ነው። ነገሩ እውነት ነው? ከሆነስ ከየት እንጀምር?» ሲሉ ጠይቀዋል።

እውነት ነው። ከፓነሉ ግን አይጀምሩ። ፓነል ጥሩ ነገር ነው፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ። የእርስዎን ዓይነት ወርክሾፕ ኪሱን የሚያራቁተውም አካባቢውን የሚጎዳውም አንድ ነገር ነው፦ ተገዝቶ ሥራ ላይ ሳይውል የቀረ ዕቃ። ቁርጥራጭ ሆኖ የተጣለ ጣውላ፣ በወንበሩ ፈንታ ግድግዳው ላይ ያረፈ ቫርኒሽ፣ ክዳኑ ክፍት ከቀረ ጣሳ የተነነ ቲነር፣ በላላ መጋጠሚያ እያፏጨ የሚወጣ አየር። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ተከፍሎባቸዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ምንም ሳይገዙ ሁለት ሳምንት ይለኩ። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ ሚዛንና በየቀኑ አሥር ደቂቃ የሚሰጥ አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው ማታ ሥራ ሲያበቃ የኤሌክትሪክና የውሃ ቆጣሪውን ያንብብ፤ ጠዋት አንድም ማሽን ሳይነሳ ደግሞ ያንብብ። ወርክሾፑ ተዘግቶ ባደረበት 14 ሰዓት ውስጥ 21 ኪሎዋት ሰዓት ከተቆጠረ፣ ማንም በሌለበት 1.5 ኪሎዋት ሳያቋርጥ ሲበላ አድሯል ማለት ነው። በዓመት ሲታሰብ ከ7,600 ኪሎዋት ሰዓት ይበልጣል። ምንጩን ለማግኘት አንድ ምሽት ሠራተኛው ከወጣ በኋላ አንድ ሰው ቆጣሪውን እያየ ሌላው በማከፋፈያ ሳጥኑ ላይ መስመሮቹን አንድ በአንድ ያጥፋ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሳይጠፋ የቀረ ኮምፕሬሰር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሾልኮ የሚወጣውን አየር ለመተካት ሲነሳና ሲቆም ያድራል። የውሃ ቆጣሪው ሌሊት ከተንቀሳቀሰ ደግሞ የሚያፈስ ቱቦ ወይም የመጸዳጃ ገንዳ አለ።

በእነዚሁ ሁለት ሳምንታት የሚጣለውን ሁሉ ይመዝኑ፤ የጣውላ ቁርጥራጭ፣ የኮምፔርሳቶና የኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ የተጨመቀ ቦርድ) ቁርጥራጭ፣ ሰጋቱራ፣ የደረቀ ቀለም፣ ያገለገለ ቲነር፣ እያንዳንዱ ለየብቻ። ደባልቀው ከመዘኑት ቁጥሩ ምንም አይነግርዎትም።

አሁን ወደ እንጨቱ። ገንዘብ ከሁሉ የበለጠ የሚባክነው እዚህ ነው። ብዙ ሰው የቁርጥራጭ ዋጋ የሚመስለው ለሚያነሳው ሰው የሚከፈለው ብቻ ነው። ትክክለኛው ዋጋ ግን የተገዛበት፣ የተጓጓዘበት፣ የተሰነጠቀበት ጉልበትና ኤሌክትሪክ፣ የተጠረገበትና የተጣለበት ወጪ ድምር ነው። በቁጥር ይዩት። 100 ቦርድ ገዝተው 22ቱ ቁርጥራጭ ከሆነ ሥራ ላይ የዋለው 78 ነው። ብክነቱን ወደ 15 በመቶ ቢያወርዱት ያንኑ ሥራ በ92 ቦርድ ይጨርሳሉ። ስምንት ቦርድ ሳይገዛ ቀረ፤ ስምንት ቦርድ የሚሆን እንጨትም አልተቆረጠም።

እንዴት ይወርዳል? አንደኛ፣ ትዕዛዞችን አንድ በአንድ መቁረጥ ይተው። ውፍረታቸውና ዓይነታቸው አንድ የሆኑ የሁለት ሦስት ትዕዛዞች ክፍሎች ተሰብስበው በአንድ ላይ ይሰላ። የመቁረጫው ንድፍ መጋዙ ሳይነሳ በወረቀት ላይ ይሳል፤ በስልክ ላይ የሚሠሩ ነጻ የቦርድ መቁረጫ ፕሮግራሞችም አሉ። ፕሮግራሙ ውስጥ የመጋዙን ስለት ስፋት ማስገባት አይርሱ፤ 3.2 ሚሊሜትር የሚበላ ስለት በአንድ ቦርድ ላይ አሥር ጊዜ ሲያልፍ 32 ሚሊሜትር ይወስዳል። ይህን የዘነጋ ንድፍ በወረቀት ላይ ልክ ሆኖ የመጨረሻው ክፍል ያጥራል፤ ያጠረው ክፍል ደግሞ አዲስ ቦርድ ያስከፍታል።

ቀጭን ስለት፣ ለምሳሌ 2.4 ሚሊሜትር የሚበላ፣ ጣውላም ኃይልም ይቆጥባል። ነገር ግን ወፍራምና ጠንካራ እንጨት በፍጥነት ሲገፋበት ይንቀጠቀጣል፤ የቁርጡ ፊት ስለሚሻክር ያተረፉትን በመላጊያ መልሰው ያጡታል። ስለዚህ ለቦርድና ለቀጭን ጣውላ ብቻ ይጠቀሙበት። ከስለቱ ጀርባ ያለው መሰንጠቂያ ቢላም አብሮ መቀየር አለበት፤ ከስለቱ ገላ ወፈር፣ ስለቱ ከሚበላው ስፋት ደግሞ ቀጠን ማለት ይኖርበታል። ወፍራሙን ቢላ በቀጭኑ ስለት ከተዉት እንጨቱ መሐል ላይ ይያዝና አደጋ ያመጣል።

ሁለተኛ፣ የቁርጥራጭ መደርደሪያ ይኑርዎት፤ ከዚህ ጋር ደግሞ የቁርጥራጭ ሕግ። ቁርጥራጩ ተጋድሞ ከተከመረ ማንም ፈልጎ አያገኘውም። በውፍረት ተለይቶ ይቁም፤ ልኩ በእርሳስ ጠርዙ ላይ ይጻፍ። ከ20 በ30 ሴንቲሜትር በታች የሆነ አይቀመጥም እንደሚል ዓይነት ግልጽ ወሰን ያውጡ። ወሰን የሌለው መደርደሪያ በሦስት ወር ውስጥ ሞልቶ መተላለፊያ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደ ቆሻሻ ያየዋል። አዲስ ቦርድ የሚከፍት ሰው መጀመሪያ መደርደሪያውን ማየቱን በትዕዛዙ ወረቀት ላይ ይፈርም።

ሦስተኛው ብዙ የማይታሰብ ነው፤ እርጥበት። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሆን ጣውላ እርጥበቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ መሆን አለበት። በ18 በመቶ የተሠራ ጠረጴዛ ደንበኛው ቤት ደርሶ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መጋጠሚያው ይከፈታል። ተመልሶ የሚመጣ ዕቃ እንጨቱን፣ ቫርኒሹን፣ ጉልበቱንና የመኪናውን ነዳጅ ሁለት ጊዜ ያስወጣል። ሁለት መርፌ ያለው አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ከሚገዙት መሣሪያ ሁሉ ቶሎ ዋጋውን ከሚመልሱት አንዱ ነው። ሲለኩ ጫፉ ላይ አይለኩ፤ ጫፍ ከመሐሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል። ከጫፉ 40 ወይም 50 ሴንቲሜትር ገባ ይበሉ።

ሰጋቱራ የሚሸጥ ወይም በነጻ የሚወሰድ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ንጹሕ ከሆነ ብቻ። ከጥሬ ጣውላ የወጣው ለከብት ጉዝጓዝ፣ ለአትክልት አፈር መሸፈኛና ለማገዶ ጡብ ይሆናል። ከኤምዲኤፍ፣ ከቺፑድና ከኮምፔርሳቶ የወጣው ሰው ሠራሽ ሙጫ ስላለበት ለእንስሳም ለአፈርም አይሰጥም። የአቧራ መምጠጫዎ ሁሉንም ማሽን በአንድ ከረጢት የሚሰበስብ ከሆነ የቦርድና የጣውላ መቁረጫ ቀን ይለዩ፤ በመካከሉ ከረጢቱን ይቀይሩ። የጥቁር ዋልነት ሰጋቱራ ንጹሕ ቢሆንም ለፈረስ ጉዝጓዝ አይሁን፤ ሰኮናውን ያሳምመዋል። ቀለም የነካውን ወይም መድኃኒት የተቀባውን እንጨት በምድጃ ማንደድ ደግሞ ወጪ የቀነሰ ቢመስልም መርዙን ወደ ሠራተኛውና ወደ ጎረቤቱ ሳንባ ማዛወር ነው።

ቀጥሎ ቀለምና ቫርኒሽ። ተራ የአየር መርጫ ከሚረጨው ቫርኒሽ እንጨቱ ላይ የሚያርፈው ከ25 እስከ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ሌላው ጉም ሆኖ ማጣሪያውና ግድግዳው ላይ ይቀራል። ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት የሚሰጠው ዓይነት መርጫ በትክክል ሲሠራበት 65 በመቶና ከዚያ በላይ ያሳርፋል። አንድ ሊትር ቫርኒሽ እንጨቱ ላይ እንዲያርፍ በ30 በመቶ 3.3 ሊትር ይረጫል፤ በ65 በመቶ 1.5 ሊትር ይበቃል። በዚህ ልዩነት የቫርኒሽ ግዢዎ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ የማጣሪያው ዕድሜ ይረዝማል፤ ቀቢውም የሚተነፍሰው ጉም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ይህ መርጫ ግፊቱ ዝቅተኛ ቢሆንም የሚጠጣው አየር ብዙ ነው፤ እንደ ዓይነቱ በደቂቃ ከ300 እስከ 500 ሊትር ሊፈልግ ይችላል። ቱቦው ቀጭን ወይም ኮምፕሬሰሩ ሌላ ሥራ ላይ ከሆነ ግፊቱ ይወድቅና ቫርኒሹ ሳይበተን በጠብታ ያርፋል፤ ፊቱ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ያኔ ቀቢው ተናዶ ግፊቱን ይጨምራል፤ ቁጠባውም ይጠፋል። መፍትሔው የውስጥ ስፋቱ 10 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦና አጠር ያለ መስመር ነው። የአፉ ግፊት ከ0.7 ባር አይበልጥ። መርጫው ከእንጨቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ርቆ ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይሸፍን። እጅን በቅስት ማወዛወዝ ጫፎቹን ያሳሳል፤ መሐሉን ያወፍራል። መርጫ ለመግዛት ገንዘብ ባይኖር እንኳ በያዙት መርጫ ይህን አያያዝ ማስተካከል ብቻውን ፍጆታውን በግልጽ ይቀንሳል።

ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ቫርኒሽ የሚጠቀሙ ከሆነ በዓይን ግምት አይበጥብጡ። አንድ ሊትር በ10 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘረጋ 100 ማይክሮን (0.1 ሚሊሜትር) እርጥብ ንብርብር ይሆናል። 8 ካሬ ሜትር ለመቀባት 0.8 ሊትር ማረፍ አለበት፤ በ65 በመቶ ሲሰላ 1.25 ሊትር መበጥበጥ ይበቃል ማለት ነው። ከዚያ በላይ የተበጠበጠው ጣሳው ውስጥ ይደርቃል፤ ከዚያም እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይወገዳል።

ለመርጫ ማጠቢያ የሚሆን ቲነር በሁለት ዙር ይሁን፤ መጀመሪያ ባገለገለው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ በጥቂት ንጹሕ። ያገለገለው በተዘጋ ዕቃ ጥቂት ቀን ሲቀመጥ ደቃቁ ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራው ለሚቀጥለው የመጀመሪያ ዙር ይሆናል። ዝቃጩ ለአደገኛ ቆሻሻ ሰብሳቢ ይሰጥ፤ ወደ ፍሳሽ ቦይም ወደ አፈርም አይደፋ። ቲነርን በቤት በተሠራ ምድጃ አፍልቶ ለማጣራት ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ፍንዳታ ነው። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅም ተጨብጦ ከተጣለ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል፤ ውሃ በያዘ፣ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይቀመጥ።

የታመቀ አየር ሦስተኛው ነው፤ ጥገናው ቀላል ስለሆነም ለብዙዎች የመጀመሪያው የሚታይ ውጤት ከዚህ ይገኛል። ፈተናው እንዲህ ነው። ሥራ ሲያበቃ ሁሉም መሣሪያ ተዘግቶ ኮምፕሬሰሩ ብቻ ይሥራ። አየር የሚሞላበትን ጊዜና ሞልቶ የሚያርፍበትን ጊዜ በሰዓት ይያዙ፤ አራት አምስት ዙር ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። 40 ሴኮንድ ሞልቶ 120 ሴኮንድ ካረፈ፣ 40ን ለ160 ያካፍሉ፤ 25 በመቶ። ኮምፕሬሰሩ ማምረት ከሚችለው አየር ሩቡ ያለ ሥራ ይወጣል ማለት ነው። በ11 ኪሎዋት ኮምፕሬሰር ይህ ወደ 2.7 ኪሎዋት ይጠጋል፤ በቀን 9 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ሲሠራ ከ7,000 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል። በደንብ የተያዘ መስመር ከ10 በመቶ በታች ነው።

ቀዳዳው ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ በ7 ባር ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል። ፍለጋው በጸጥታ ሰዓት በጆሮ ይጀመርና በሳሙና ውሃና በብሩሽ ያልቃል። ፈጣን መጋጠሚያዎችን፣ የቱቦ ማጥበቂያዎችን፣ የውሃ ማጣሪያ ኩባያዎችን፣ በተለይ ደግሞ የታንኩን ውሃ ማፍሰሻ ይዩ፤ አንድ ሰው «ውሃው እንዲወጣ» ብሎ በጥቂቱ ከፍቶ ትቶት ይገኛል። ያገኙትን ሁሉ በጨርቅ አስረው ምልክት ያድርጉ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ በአንድ ላይ ይጠገን። ከጥገናው በኋላ ፈተናውን ይድገሙ፤ ካልደገሙ ሥራው መሠራቱን አያውቁም። በየሦስት ወሩም ይመለሱበት፤ መጋጠሚያ ይላላልና።

ከዚያ ግፊቱን ዝቅ ያድርጉ። አንድ ባር መቀነስ የኮምፕሬሰሩን ፍጆታ ከ6 እስከ 7 በመቶ ያወርዳል፤ ከቀሩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚወጣውንም አየር ይቀንሳል። ሩቅ ያለ አንድ መሣሪያ ስለደከመ መላውን መስመር ከፍ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው፤ የዚያን መሣሪያ ቱቦ ማስፋት ወይም አጠገቡ ትንሽ ታንክ ማቆም ይሻላል። በአየር ልብስና ወለል ማጽዳት ይከልከል። ውድ ነው፤ አቧራውንም ወደ ሳንባ ይመልሳል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨት አቧራን ለሰው ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች መድቦታል።

የአቧራ መምጠጫው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የማራገቢያው ፍጥነት ሲቀንስ የሚበላው ኃይል በጣም ይወርዳል፤ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ ኃይሉ በንድፈ ሐሳብ ወደ ግማሽ ይጠጋል። በማይሠሩት ማሽኖች ላይ ያሉትን የቱቦ መዝጊያዎች መዝጋትና በሞተሩ ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ማድረግ ስለዚህ ጥሩ ነው። ወሰኑ ይህ ነው፦ በዋናው ቱቦ ውስጥ የአየሩ ፍጥነት በሴኮንድ ከ20 ሜትር በታች ሲወርድ ሰጋቱራው መንገድ ላይ መቀመጥ ይጀምራል። የተቀመጠ ደረቅ አቧራ ቱቦውን ይዘጋል፤ ከብልጭታ ጋር ከተገናኘም ይቀጣጠላል። የፍጥነት መቆጣጠሪያ የሚገጥም ባለሙያ የአየር ፍጥነት መለኪያ ይዞ ካልመጣ ሥራውን አያስጀምሩት።

መብራት ቀላሉ ነው። 1.2 ሜትር የሆነ ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንት ከነባላስቱ (ወደ ቱቦው የሚገባውን ኤሌክትሪክ ከሚቆጣጠረው ክፍል ጋር) ወደ 45 ዋት ይበላል፤ በኤልኢዲ ሲተካ 18 ዋት ይበቃዋል። 30 መብራት በቀን 9 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢበራ ልዩነቱ ወደ 2,190 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሜርኩሪን ለመቀነስ የተደረገው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል አገሮች በ2023 እ.ኤ.አ. ፍሎረሰንት ማምረት፣ ማስገባትና ወደ ውጭ መላክ እስከ 2027 ማብቂያ እንዲያከትም ስለወሰኑ መለዋወጫውም እየጠፋ ይሄዳል። ሲገጥሙ የባላስቱን ዓይነት ይለዩ፤ ለአሮጌው ባላስት የተሠራው ኤልኢዲ ከኤሌክትሮኒክ ባላስት ጋር ላይሠራ ይችላል። በመጋዝ አካባቢ ርካሽ፣ የሚርገበገብ ኤልኢዲ አይስቀሉ፤ የሚሽከረከር ስለት የቆመ ሊያስመስል ይችላል። የወጣውን አሮጌ ቱቦ አይስበሩ፤ ሜርኩሪ አለበት።

የተቀሩትን ባጭሩ ልለፍ። የመጸዳጃ ገንዳ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምረው ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፤ ሳይለቀቅ ቀለሙ ወደ ታች ከታየ የጎማ መዝጊያው አርጅቷል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ለ10 ደቂቃ ኩባያ አስቀምጠው የተጠራቀመውን በ144 ያባዙ፤ የቀን ኪሳራዎ ነው። የመኪናው ጎማ ንፋስ በወር አንዴ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ፤ ማድረሻዎች በአቅጣጫ ተሰብስበው ይውጡ። በሂሳብ ወረቀትዎ ላይ የፓወር ፋክተር ቅጣት (ሞተሮች ከመስመሩ የሚስቡትን ኤሌክትሪክ ሁሉ ሥራ ላይ ባለማዋላቸው የሚከፈል) ካለ ካፓሲተር የሚባለው መሣሪያ ያጠፋዋል፤ ይህ ግን ሂሳቡን እንጂ አየሩን ብዙ እንደማይለውጥ ይወቁ።

ለእያንዳንዱ ግዢ ዋጋውን በዓመት በሚያድነው ያካፍሉ፤ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ይወጣል። ከሁለት ዓመት በታች የሚመልሰውን ያስቀድሙ። በመቶኛዎች ላይ ግን ይጠንቀቁ፦ ከኮምፕሬሰሩ የዳነ 25 በመቶ የኮምፕሬሰሩ እንጂ የጠቅላላ ሂሳብዎ 25 በመቶ አይደለም። ሻጮች ይህን ደባልቀው ይነግራሉ።

ለሚጠይቁ ደንበኞች «አረንጓዴ ነን» ከማለት ይልቅ የለኩትን ይንገሩ፤ በአንድ ወንበር ስንት ኪሎ ቁርጥራጭ ይወጣ እንደነበርና አሁን ስንት እንደሆነ። አይኤስኦ 14001 የሚባለው የአካባቢ አያያዝ ምስክር ወረቀት ትልቅ ገዢ ካልጠየቀዎት አሁን አያስፈልግዎትም። የኤፍኤስሲ (በኃላፊነት ከተያዘ ደን መምጣቱ የተመሰከረለት) እንጨት ቢገዙም ወርክሾፑ ራሱ የአቅርቦት ሰንሰለት ምስክር ወረቀት ሳይኖረው ዓርማውን ምርቱ ላይ መለጠፍ አይፈቀድም።

አሁን ወደ ፓነሉ። ከላይ ያለው ከተሠራ በኋላ የቀን ፍጆታዎን እንደገና ይለኩ፤ የፓነሉ መጠን የሚሰላው ከዚህ ቁጥር ነው። ዛሬ ቢገዙ ለሚያፏጨው አየር ጭምር የሚሆን ፓነል ይገዛሉ። አንድ ኪሎዋት ፓነል ወደ 5 ካሬ ሜትር ጣሪያ ይፈልጋል፤ ጣሪያው በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ኪሎ ተጨማሪ ክብደት መሸከሙ ይረጋገጥ። በአንድ መስመር ከተያያዙት አንዱ ላይ ጥላ ካረፈ የመስመሩ ምርት ሊወርድ ይችላል። የአቧራ መምጠጫው መውጫ ወደ ጣሪያው የሚተፋ ከሆነ ሰጋቱራው ፓነሉን ይሸፍናል፤ መውጫው መጀመሪያ ይዛወር። ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ተለይቶ በባትሪ የሚሠራ ከታሰበ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ከመደበኛው ከ6 እስከ 8 እጥፍ ኤሌክትሪክ ለአፍታ ስለሚስብ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለማሽን እንዲሆን የሚቀይረው) ሊዘጋ ይችላል። ሻጩ የሞተሩን የማስነሻ ዓይነት ሳይጠይቅ ዋጋ ከሰጠዎት ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።